ከእንስራ ሥር የወጣው ጥምጥም

ጎንደር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ጤነኛ ሰው አበደ ተብሎ ተወርቷል፤ የወሬውም መነሻ እኔ ነኝ። ሰውየው አጎቴ ናቸው። አላበዱም። ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ስለ ክብራቸው ነው፤ የሆነውን ስነግራችሁ እናንተም ጥቂት መጠርጠራችሁ አይቀርምና።

አሁን የምኖረው ከአገሬ ርቄ ባሌ ጎባ ነው። ብርዱ የትውልድ መንደሬን የኮሶዬን ብርድ ይመስላል፤ ሰዉ ግን የኔን የጎንደር “ምነው” ሰምቶ “ምን ሆንሽ?” እያለ ይደነግጥልኛል። ያን ጊዜ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ ጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ። አባቴ የኮሶዬ ገበሬ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ላቀው ደግሞ የከተማ ደብር አገልጋይ፣ ዜማውንም ባሕረ ሐሳቡንም የጨረሱ፣ ጥምጥማቸው ዘወትር የነጣ ሰው ነበሩ። አባቴ እሳቸው ዘንድ ሲያስቀምጡኝ “ቁጣዋም ምርቃቷም ያንተ” ብለው ሄዱ። እኔ አያ ላቀው እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን እቴ ጥሩ። ልጅ ስላልወለዱ ቁጣውም ምርቃቱም ሳይከፋፈል በሙሉ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር።

ጠንቃቃ ልጅ ነበርኩ። ጾም አልሽርም፣ ሳላስፈቅድ ከደጅ አልወጣም፣ በሰው ነገር አልገባም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ፈልጌ አይደለም። ወደፊት የሚመጣውን “አቀነባብራው ነው” እንዳትሉኝ ነው።

ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀረው ሽማግሌ መጣብኝ። ሙሽራው ከእኛው ከኮሶዬ ቤተሰብ ነው፤ ዛሪማ ገበያ ሱቅ ከፍቷል አሉ። ልጁን አይቼው አላውቅም፤ ክፉም አልሰማሁበትም። ክፉው ነገር መንገዱ ነው። ሊማሊሞን ከወረዱ በኋላ ለኔ ትምህርት ቤትም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተናም የለም። አባቴ ነገሩን ሁሉ ለአያ ላቀው ለቀውላቸዋል። በአገራችን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቢለምኑትም አይቀመጥም፤ መልሱን ሳይሰማ መቀመጫ አይነካም። መጀመሪያ ሲመጡ “ዘመድ እንጠይቅ” ተባሉ። ሁለተኛ ሲመጡ “ተመለሱ” ተባሉ። ሦስተኛው መምጫ የዚያ እሑድ ነበር፤ በሦስተኛው እሺ ወይም እንቢ ነው፤ ሌላ ነገር የለም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የሒሳብ መምህራችን ክፍል የገቡት ከፒያሳ የተገዛ ቦምቦሊኖ በክር አንጠልጥለው ነው። ህንዳዊ ናቸው፤ የኛን ጾም አያውቁም። ጾመኛ ተማሪ ሁሉ ዓይኑ በክሩ ላይ ሲወዛወዝ “የዚህን ነገር ገላ በሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳትቀር፣ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ” አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ጻፉት። ቀዳዳውንም፣ ውፍረቱንም፣ ዙሪያውንም አንዲት ቀጭን መስመር ውስጥ ከተቱት። “ሰኞ ይህን የሚያብራራልኝ እፈልጋለሁ” ብለው ወጡ። ቦምቦሊኖውን ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች ጾም መሆኑን እያወቁ ተካፈሉት፤ አንደኛው እየዋጠ “እኔስ ገባኝ” አለ።

እኔ ግን አልገባኝም። መስመሩን በቃሌ ያዝኩት፤ እንዳይጠፋኝ ቅዳሜ ማታ ጓዳ ውስጥ ከእንስራው በላይ ባለው ግድግዳ በከሰል ጻፍኩት፤ ከጎኑም ሥዕሉን ከነፊደሉ አደረግኩ። ከዚያ ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ተበልቶ፣ አያ ላቀው ውሃ ሊጠጡ ወደ ጓዳ ብቅ አሉ። ዋንጫውን እንደያዙ ቀሩ።

“ይህን ጠልሰም ማን ጻፈው?”

“እኔ ነኝ አያ። ጠልሰም አይደለም፤ ሒሳብ ነው።”

“ይቺስ?” አሉ በጣታቸው።

“ፋይ ትባላለች። የግሪክ ፊደል ናት።”

“ይቺማ የኛ ቀ ናት! ሰው አገር ሄዳ ስም ለውጣ ተቀመጠች?” ውሃቸውን ጨለጡ። “እሺ፣ ምን ይላል?”

አንበለበልኩት። “ከመሐል ካለው ርቀት ትልቁን ራዲየስ ቀንስ፤ የቀረውን በራሱ አባዛ፤ ከፍታውን በራሱ አባዝተህ ደምርበት፤ ትንሹ ራዲየስ በራሱ ሲባዛ የሚወጣው ይወጣል።”

“ሸጋ። ንባቡን አወጣሽው። ትርጓሜውስ?”

መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ አየሁት።

“ትርጓሜ የለውም?”

“አለው አያ። እኔ ነኝ ያልደረስኩበት።”

በሩ ላይ ተደገፉና ሳቁብኝ። ሲስቁ ከቁጣቸው ይልቅ ያስፈሩኛል።

“ስሚኝ ፈንታዬ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ይደርሳሉ። እሺ ልላቸው ነው ያሰብኩት። አንቺ ‘እስከ ፈተናው’ እያልሽ ትለምኛለሽ። የምትማሪው ያልገባሽን ነገር ከሆነማ፣ ሳይገባቸው መኖር ዛሪማም ይቻላል።”

“ቢገባኝስ?”

“እኔንም እንዲገባኝ ካደረግሽ ጊዜውን እሰጥሻለሁ።” ዋንጫውን አስቀመጡ። “ሽማግሌዎቹ ‘ቤቶች’ እስኪሉ ድረስ።”

እቴ ጥሩ ከምድጃው አጠገብ ሆነው “ኧረ በሰንበት ልጅ አያስጨንቁ!” አሉ። ማንም አልሰማቸውም።

እመቤቴን ጠራሁ። ከዚያ ግድግዳውን አየሁ፤ ከግድግዳው ዝቅ ስል እንስራውን አየሁ፤ ከእንስራው ዝቅ ስል ማቶቱን። የእንስራ ቂጥ ክብ ስለሆነ መሬት ላይ አይቆምም፤ የሚቀመጠው ከጭድና ከጨርቅ በተገመደ ወፍራም ቀለበት ላይ ነው። ያ ቀለበት ማቶት ነው። ማቶት ደግሞ ያልተጠበሰ ቦምቦሊኖ ማለት ነው!

“እቴ፣ እንስራውን ይያዙልኝ!” ብዬ ማቶቱን ከሥሩ መዘዝኩት።

“ውይ! ውይ! ውሃው!” እቴ ጥሩ ተንደርድረው እንስራውን እንደ ክርስትና ልጅ አቀፉት። ከዚያ በኋላ ቢለቁት ስለሚንከባለል፣ እንዳቀፉት መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ስፌት ስንሰፋ አክርማው የሣሩን እምብርት እየዞረ ነው የሚያለብሰው። ማቶቱን እንደዚያ እያለበስኩ ባሳያቸው ነገሩ ይገለጣል። እጄን ወደ አክርማው ሰደድኩ።

“በሰንበት ስፌት!” ብለው እቴ ጥሩ ጮኹ። “በዚህ ቤት! መሪጌታ እያዩ!”

እጄን ሰበሰብኩ። እውነታቸውን ነው። በሰንበት ወስፌ አንስቼ አላውቅም፤ ለሒሳብ ብዬ ልጀምር አልችልም። ከውጭ የውሻ ጩኸት ሰማሁ፤ ሽማግሌዎቹ የደረሱ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

አያ ላቀው ጺማቸውን አሻሹ። “መስፋት ክልክል ነው” አሉ ቀስ ብለው። “መጠምጠም ግን ክልክል አይደለም። እኔ ሰንበት በመጣ ቁጥር እጠመጥማለሁ።” እንዲህ ብለው ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አውርደው ይፈቱት ጀመር።

ተላጭቶ የሚያበራ ራሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁት። በአክብሮት ዓይኔን ልሰብር አሰብኩ፤ ጊዜ አልነበረም። የሻሹን ጫፍ በማቶቱ ላይ አስያዝኩ። በቀዳዳው አስገባሁት፣ በውጭ አዙሬ ወደ ላይ አመጣሁት፣ እንደገና በቀዳዳው። ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ እንደገና። ማቶቱ ነጭ እየለበሰ ሲሄድ፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ቀምሼው የማላውቀው ነገር ከእጄ ወደ ራሴ ሲወጣ ታወቀኝ።

“አያ! እጄን ይዩ! እጄ ሁለት ዑደት ነው የሚዞረው!”

“የምን ሁለት?”

“አንዱ ትንሽ ነው፤ በቀዳዳው ገብቶ በውጭ ይመለሳል። አንዱ ትልቅ ነው፤ ቀስ እያለ ማቶቱን ሙሉ ይዞራል። ጨርቁ ላይ ያለች ማንኛዋም ነጥብ ‘በትልቁ ይህን ያህል ዞሬያለሁ፣ በትንሹ ይህን ያህል’ ካለች፣ የት እንዳለች ታወቀ። ከሁለቱ ሌላ ምንም አትጠየቅም!”

አያ ላቀው ጎንበስ አሉ። “ዐቢይ ዑደትና ንኡስ ዑደት” አሉ። “ዕለቱ በራሱ ይሽከረከራል፤ በዚያው ላይ ዓመቱ ይዞራል።” ጣታቸውን አነሱ። “አንድም…”

ጣታቸው ተነሥቶ “አንድም” ካሉ ትርጓሜው እስከ ማታ እንደሚሄድ ስለማውቅ ቶሎ ገባሁበት። “መስመሩም ይገለጣል አያ! ከቀዳዳው መሐል ይነሡ። ከዚያ እስከ ማቶቱ ሥጋ እምብርት ያለው ትልቁ ልክ ነው።”

“ዐቢይ በይው። ዐ።”

“ከእምብርቱ እስከ ቆዳው ትንሹ ልክ ነው።”

“ንኡስ። ን።”

“ቆዳው ላይ ያለች ነጥብ ከመሐል የራቀችበት ር ይሁን፤ ከፍ ወይም ዝቅ ያለችበት ከ ይሁን። ር ከዐ ስንት እንደተለየ ያዩና በራሱ ያባዙታል፤ ‘ከ’ን በራሱ ያባዙና ይደምራሉ። የትም ይሁን የት፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ፣ ሁልጊዜ ን በራሱ ሲባዛ የሚወጣው ነው።”

ከሰሉን አንስቼ ከግሪኩ ሥር በእኛው ፊደል ጻፍኩት፦ (ር − ዐ)² + ከ² = ን²

አያ ላቀው ሰንበሌጥ ሰብረው በማቶቱ ላይ ለኩ። ከላይ ለኩ። ከጎን ለኩ። ውስጥ እጃቸውን ከተው ለኩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው የትንሣኤ ሌሊት ፊት ነበር።

“እና መነሻው ምንም የሌለበት ቦታ ነው?”

“አዎ አያ፤ ባዶው መሐል።”

“ባዶ ባይኖር ማቶቱም የለ!” ብለው መቋሚያቸውን ከጥግ አነሱና፣ እኔ ሳላምን፣ መስመሩን በአራራይ ዜማ ያወርዱት ጀመር። “ር ሲቀነስ ዐ…”

“ኧረ ምነው! በቅዱስ ዜማ ማቶት ይዜማል?” አሉ እቴ ጥሩ ከእንስራው ጀርባ።

“ማቶት አይደለም ጥሩ፣ ዑደት ነው! ዝም ብለሽ ያዢ!”

“ቤቶች!” አለ የደጁ ድምፅ።

ሁላችንም ደነገጥን። የመሪጌታ ራስ ራቁቱን ነው። ሌላው ጥምጥማቸው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ማለትም ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት። ራስን ገልጦ ሽማግሌ መቀበል ከእንቢታ የከፋ ስድብ ነው። የጠመጠምኩትን ልፈታ እጄን ስዘረጋ አያ ላቀው መቱት።

“እንዳትነኪው! ገና አልጨረስኩትም!”

“አያ፣ ታዲያ ምን ያደርጋሉ?”

ማቶቱን ከነጥምጥሙ አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉት፤ ወጡ።

እቴ ጥሩ እንስራውን ለኔ አስታቅፈው ተከትለው ሮጡ። እኔ ከጓዳው በር ላይ፣ መሬት፣ እንስራዬን አቅፌ ቀረሁ። ግቢው ሙሉ ይታየኛል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የሚናገሩት አያ ገላው ናቸው፤ በኮሶዬ ነገር ይዘው የተረቱ ጊዜ የለም ይባላል። ከኋላቸው አንድ ባለ ካባና አንድ ቀጭን ሰው።

“እንደምን አደሩ መሪጌታ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አረፍ በሉ።”

“አናርፍም፤ መልስ ፈልገን ነው።”

“እንግዲያ ቁሙ። አያ ገላው፣ አንቱማ ከቆሙበት እንዳይነቃነቁ፤ ደህና ቦታ ነዎት።” በመቋሚያቸው ጫፍ በሰውየው ዙሪያ አቧራው ላይ ክብ አሰመሩ። “አሁን አንቱ ባዶው ነዎት።”

“ምን?”

“ባዶው። አይቀየሙ፣ ታላቅ ማዕረግ ነው። ልኩ ሁሉ የሚነሣው ከአንቱ ነው።”

ከዚያ ክቡን ይዞሩት ጀመር። አንድ እርምጃ ሲሄዱ መቋሚያው ወደ ውስጥ ይጠልቃል፣ በታች ዞሮ በውጭ ይወጣል፤ ደግሞ አንድ እርምጃ። ከላይ ዜማውን ይዘዋል። ቀጭኑ ሰው አማተበ። ባለ ካባው ጆሮው አጠገብ “ጥምጥሙን አየኸው? ከላይ ክፍት ነው” አለው፤ ሹክሹክታው እኔ ጋ ደረሰ።

አያ ላቀውም ሰሙት። “እንኳን አያችሁት!” ብለው ጎንበስ አሉ። በቀዳዳው የተላጨው ራሳቸው ፀሐይ መትቶት በራ። አንዲት ጭድ በጎን ወጥታ ቆማለች። ከማቶቱ የእንስራው እርጥበት በግንባራቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

አያ ገላው ግን ከክቡ አልወጡም። ነገር አዋቂ ናቸው፤ ረጋ ብለው ጠየቁ።

“ይህን ከማን ተማሩት መሪጌታ?”

“ከልጅቱ።”

“ከምንጠይቃት ልጅ?”

“ከራሷ። ዛሬ ጠዋት።”

“እሷም እንዲህ ትዞራለች?”

“እሷማ ትበልጠኛለች! እኔ ገና ጀማሪ ነኝ።”

ሽማግሌ ዘር ሳያጣራ አይሄድምና ሰውየው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። “በዘራችሁስ ከዚህ በፊት የነበረበት አለ?”

“አባታችን ወደዚህ ያዘነብሉ ነበር፤ በቀን ቆጠራ በኩል። እዚህ ድረስ ግን አልደረሱም።”

በዚህ ጊዜ ሦስቱም ወደ በሩ ዞር አሉና እኔን አዩኝ። ተነሥቼ እጅ ልነሣ ይገባኛል፤ ብነሣ እንስራው ይሰበራል። ስለዚህ መሬት ላይ እንደተዘረጋሁ፣ እንስራውን በሁለት እጄ አቅፌ፣ በተቻለኝ ትሕትና ራሴን ዝቅ አደረግኩላቸው። አገጬ የእንስራውን አፍ መታ፤ ውሃው ፊቴ ላይ ተፈናጠረ።

አያ ገላው ክቡን በጥንቃቄ ተራምደው ወጡ። “ለላኩን ሰዎች እንነግራለን” አሉ።

“መልሴን ሳትሰሙ?”

“ሰምተናል መሪጌታ፤ ሰምተናል። እግዜር ይማርዎ።”

እቴ ጥሩ ደጁ ሳይዘጋ ማልቀስ ጀመሩ። “ስሟ ጠፋ! የቤቱም ስም ጠፋ! ከእንግዲህ ማን ይጠይቃታል?” እኔም አለቀስኩ፤ የደስታ ይሁን የኀፍረት አልለየሁትም። አያ ላቀው ማቶቱን ከራሳቸው አውርደው በሁለት ጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሳሉ።

“አያ” አልኩ፣ “አውቀው ነው?”

“ምኑን?”

“ይህን ሁሉ።”

“ከገባኝ ጊዜ እሰጥሻለሁ አልኩ። ገባኝ። ሰጠሁሽ።” ቀና ብለው አዩኝ፤ ከጺማቸው ሥር ምን እንዳለ ጺማቸው ነው የሚያውቀው። “በምን መንገድ እንደምሰጥ ያሰርነው ውል የለም።”

ወሬ ከበቅሎ ይቀድማል። በማግሥቱ አባቴ ከኮሶዬ ከተፍ አሉ፤ በእጃቸው ቅል ሙሉ ጠበል። ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራስ መረመሯቸው፤ ያ ቀን ጥምጥሙ በሥርዓቱ ነበር። ቀጥሎ እኔን።

“ሁለታችሁንም ጠበል ልወስዳችሁ ነው የመጣሁ” አሉ።

አያ ላቀው ማስረዳት ጀመሩ፤ ዐቢይ አሉ፣ ንኡስ አሉ፣ መቋሚያም ሊያነሱ ነበር። አባቴ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ወደኔ ተጠጉ።

“ልጄ፣ ይኸ ነገር ሲይዝሽ ያምሻል?”

“የለም አባ። ደስ ይለኛል።”

“ሌሊት ያቃዥሻል?”

“ሳይገባኝ ሲቀር ብቻ ነው።”

“ፈተና የሚባለውን ካለፍሽስ? ይለቅሻል?”

እውነቱን ነገርኳቸው። “ይብስብኛል አባ።”

አባቴ ቅሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። እሺ ቢሉ የመንደሩን ሐሜት ተሸክመው ነው ወደ ኮሶዬ የሚመለሱ፤ እንቢ ቢሉ እኔን ይዘው። ከዚያ ቅሉን እጄ ላይ አደረጉት።

“እንግዲያ ጠበሉን ለመንገድ ያዢው” አሉ። “አዲስ አበባ ሩቅ ነው ይላሉ።”

ፈተናውን አለፍኩ። ከዚያ እሑድ በኋላ ለኔ ብሎ ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ አልነበረም፤ ጸጥታው ለጥናት እጅግ ይመች ነበር። የእሑዱ ማግሥት ሰኞም መምህራችን “ማን ያብራራልኛል?” ሲሉ ነጠላዬን አውልቄ በክፍሉ ቁልፍ ትልቅ ማንጠልጠያ ቀለበት ላይ ጠመጠምኩት። ከኋላ ያለው፣ “ገባኝ” ያለው ልጅ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠሽ ካላችሁ፣ ንባብን ከትርጓሜ የለየልኝ ያ ቀን ነው እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ጸሎቴንም ትምህርቴንም እኩል አንበለብል ነበር። ዛሬ የማስተምረው ተማሪ ደብተሩን አሳይቶኝ “ይዤዋለሁ” ሲለኝ እጁን ነው የማየው። ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ዕቃ ይዘው ሲዞሩ ካያችኋቸው ቶሎ አትቆጡ። ሰው ምን ይላል ብላችሁም ከመጠን በላይ አትፍሩ፤ ሰው የሚለውን ካለ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የተረፈው ጊዜ የናንተ ነው። አያ ላቀው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በደህና አገለገሉ። ኮሶዬ ውስጥ ግን እስከ መጨረሻው “ሲሻላቸው ጥሩ ሰው ናቸው” ይባሉ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሕሊናዬን ይነካካኝ ነበር። የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ሁሉ አያ ላቀው በእውነት ነው የመለሱት፤ አንዲት ውሸት አልወጣችም። ነገር ግን ሰዎቹ ያልሆነ ነገር አምነው ሄዱ፤ እኔም እንስራዬን አቅፌ ዝም አልኩ። ይህ ከማታለል ይቆጠራል? እዚህ ጎባ ለንስሐ አባቴ አቀረብኩላቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጽሞና አደመጡኝ፤ ግንባራቸውን ቋጠሩ። “ፍርድ ከመስጠቴ በፊት” አሉ፣ “ነገሩን ማየት አለብኝ፤ ማቶት ካለሽ አምጪልኝ።”

አመጣሁላቸው። እነሆ ሁለተኛ ክረምት ሊወጣ ነው፤ ጥምጥማቸውን ፈትተው ይጠመጥማሉ፣ ሰንበሌጥ ሰብረው ይለካሉ፤ ቀኖናዬን ግን እስካሁን አልነገሩኝም።